ስኳር የለመዱት ባክቴሪያዎች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፦

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣቱን ተወት አደረግሽ ወይስ አሁንም ከሐኪሙ ጋር እልህ ተጋብተሻል? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? እኔ ጸሎትሽ ይጠብቀኝና ከናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ሰውነቴም ሞላ ብሏል፣ ደስ ይበልሽ።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ብለሽኝ ነበር። እንግዲህ አትሳቂ፤ ልጅሽ ባክቴሪያ ቀላቢ ነው። ከበላያችን ያለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ወንዙን ደም አስመስሎታል። ባክቴሪያዎቻችን ቀለሙን በልተው ውሃውን ያጠራሉ ተብሎ ወንዙ ዳር ትልቅ ገንዳ ተሠርቶላቸዋል። በዓይን አይታዩም፤ እንክብካቤያቸው ግን የሚኒስትር ነው።

ችግሩ፣ አልበሉም። ውሃው ቀይ ገባ፣ ቀይ ወጣ። አለቃችን «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጠራ ገንዳው ይዘጋል፤ እኛም ወደየቤታችን» አለን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ አከራዬ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ጠብቃ «አባ ጀርም፣ ልጆችህ ዛሬስ ቁርስ ቀመሱ?» ትለኛለች።

እንዲጠነክሩ ብለን በየቀኑ ስኳር እናጠጣቸው ነበር። አንድ ቀን ስኳሩን ሳፈስላቸው አንቺ ትዝ አልሽኝ። ካሮት አልበላም ብዬ ሳኮርፍ፣ አባዬ በጓሮ በር ከረሜላ ሲያቀብለኝ ደርሰሽ «ከረሜላ የጠገበ አፍ ካሮት ምን ሊያደርግለት! ሲርበው ይበላል» ያልሽው። ከዚያ ከረሜላው እያነሰ፣ ካሮቱ እየበዛ ሄደ፤ ሳላውቀው ተሸነፍኩ። ይህንን ለአለቃችን ነገርኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመና «እውነትም፣ ስኳር እያለ ቀለም መብላት ምን በወጣቸው!» አለ።

ስኳሩን ቀስ በቀስ ቀነስን፣ ቀለሙን ጨመርን። መጀመሪያ አኮረፉ። ከፊሎቹም አለቁ፣ ነፍስ ይማር። የቀሩት ግን ቀመስ ቀመስ አድርገው ለመዱት። ቀዩ ውሃ ሮዝ ሆነ፤ ወሩ ሳያልቅ ሮዙም ጠፋ።

አከራዬ ታምናለች? ነጭ አንሶላዋን ታቅፋ መጥታ ከገንዳው በሚወጣው ውሃ አጥባ ሰቀለችው። ሰፈሩ ወጥቶ አየ፤ ነጭ! «ሳሙናው ጎበዝ ነው» ብላ ገባች። በማግስቱ ግን «ለልጆቹ አባት» ብላ ቁርስ ይዛልኝ መጣች። ገንዳው አልተዘጋም። ትምህርት ቤት ብዙ አስተምሮኛል፣ እማዬ፤ እንጀራዬን ያቆየልኝ ግን ያንቺ ካሮት ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ስለ ከረሜላው አልተቀየምኩትም በይው። እህቴን አንገቷን አቅፈሽ፣ ባሏንም ትከሻውን መታ አድርገሽ ሰላም በይልኝ። የትንሿን ልጃቸውን ጉንጭ ሳሚልኝ። ደግሞ ሰምቻለሁ፤ ምሳዋን ሳትበላ ከቀሚስሽ ኪስ ከረሜላ የምታቀብያት አንቺ ነሽ አሉ። ኧረ እማዬ! ነገ ወንዙን ማን ሊያጠራው ነው?

ካሮት የሚበላው ልጅሽ
ከገንዳው ዳር፣ ግንቦት 12