የዘነቡ ልጅ ላንቃ

ኅዳር 17 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ናዝሬት

የጎረቤቴ የዘነቡ ልጅ ዛሬም አልተሻለውም። ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል። ከተወለደ ሁለት ሳምንት ሞላው፤ በመፋፋት ፈንታ እየከሳ ነው። ትናንት "እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት" ያልኩት እኔው ነኝ፤ ይህ ምላሴ! አሁን እንጥል ቆራጩ ሰውዬ ነገ በሦስት ሰዓት ከወለንጪቲ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ ልጁን እንደታቀፍኩት አለቀሰ። በመስኮቱ ብርሃን አፉን አየሁት። ከንፈሩ ደህና ነው፤ ላንቃው ግን መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ክፍት ነው። ከማኅፀን ይዞት የመጣ ነው። እንጥል ምን አደረገ!

ለዘነቡ አማት ለእማማ ድንቄ ነገርኳቸው። "ሐኪም ይየው እንጂ ምላጭ አይንካው" ብላቸው፣ "እንጥል ነው ያልሽው አንቺው አይደለሽም እንዴ? ትናንት እንጥል፣ ዛሬ ላንቃ፣ ነገ ደግሞ ሳንባ ነው ትያለሽ!" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቤቴ ገብቼ ብቀመጥም ብነሳም አላስችል አለኝ። ምስር ስለቅም ጠጠሩን ትቼ ምስሩን እጥላለሁ።

ሊመሽ ሲል ዘነቡ በጓሮ በኩል መጣች። አራስ ብረት ሳትይዝ አትወጣምና ቢላዋ ጨብጣለች።

"ምነው ልጄ፣ ብርድ ይመታሻል!" አልኳት።

"እትዬ በላይነሽ፣ ሐኪም ቤቱ በስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?"

"በሁለት ሰዓት።"

"እንግዲያው በአንድ ሰዓት ተኩል ይምጡልኝ" ብላኝ ተመለሰች።