የሰባተኛው ቤት ጭረቶች

ጥቅምት 6
ዛሬ ወገቤም አላስቸገረኝ። የልጅ ልጄ መጥታ ኩሽናው በር ላይ ወረቀት ለጠፈች። ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ ነው… የሰፈሩ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ያሉት የፀሐይ ፓኔሎችና አንዱ ትልቅ ባትሪ፣ አሥራ ስምንቱ ቤት በጋራ ሲያስተዳድራቸው እንዴት ይዘልቃሉ የሚል። መብራት ሲደክም ወይም ሲጠፋ አንድ ጭረት፣ ከጎኑ ሰዓቱ። በቃ። ቀልድ የለም እሺ፣ አባባ፣ አለችኝ። እኔ? መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?
“ዶክተር” ብዬ ሸኘኋት። ገና ነኝ እያለች ወጣች።

ጥቅምት 13
ወረቀቴ ባዶ። ፎቶ አንስታ ሄደች፤ ሦስት ደቂቃ አልሞላትም። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ግን አራት ጭረት ነበራት። እዚያ አንድ ሰዓት ተቀመጠች፣ በመስኮት አይቻለሁ። ሻይ ሁሉ ጠጣች። ለልብስ ሰፊ ሻይ፣ ለአያት ፎቶ?

ጥቅምት 20
ሦስት ጭረት አኖርኩ። ሰዓቱን ከነደቂቃው። ደስ ያለኝን ሰዓት ነው የመረጥኩት… ልጅት መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ስንት ጥያቄ። ብልጭ አለ ወይስ ደበዘዘ? ሬዲዮውስ? ቀስ ብሎ ነው የደከመው፣ እንደኔ፣ አልኳት። ሳቀች። ጻፈችውም።

ኅዳር 4
አሥራ አንድ ጭረት። አሁን በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች።

ኅዳር 9
ፊውዝ መሰላል ተሸክሞ መጣ። የሰፈሩን መስመር የዘረጋውም የሚጠግነውም እሱ ነው። ፊውዝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቶሎ ስለሚቃጠል። ሃያ ዓመት ዳማ ተጫውተናል። የባትሪው ቆጣሪ ምንም አላሳየም፤ እንግዲህ ጣጣው ወደ ቤትህ የሚመጣው ገመድ ላይ ነው አለችኝ የልጅ ልጅህ፣ አለ። ወጣ። ፈታ፣ አየ፣ አሰረ። ደግሞ ፈታ። ላቡን በክርኑ ሲጠርግ ከታች ይታየኛል። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ…
“ምንም አላገኘሁም” አለ ሲወርድ። “እጄ አርጅቶ ይሆናል።”
ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቀልድ ሆነ፤ ዓይንህንም ተመርመር አልኩት። አልሳቀም።

ኅዳር 12
ሃያ ሦስት ጭረት። ምሳ አልበላ አለኝ።

ኅዳር 16
የሰፈሩ ኮሚቴ ስብሰባ። ልጅት ቆማ አስረዳች። ባትሪው ደህና። የልብስ ሰፊዋ መብራት የሚደክመው ከካውያዋ ነው። ሰባተኛው ቤት ላይ፣ እኔ ቤት ላይ ብቻ የመስመር ችግር አለ… የማንንም ስም አልጠራችም። ምን ያስጠራታል፣ ሁሉም ፊውዝን አየ። ሊቀመንበሯ ሥራውን ለሌላ ባለሙያ እንስጠው አለች። ፊውዝ ተነስቶ የባትሪውን ክፍል ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ወጣ። ያ ቶሎ የሚቃጠለው ሰውዬ።
እኔስ የት ነበርኩ? ሁለተኛው ረድፍ… ጫማዬን ሳይ።

ኅዳር 17
በጠዋት ለልጅት ደወልኩላት፤ ሮጣ መጣች። ሃያ ሦስቱም ጭረት የእኔ ፈጠራ ነው፣ መብራቱ አንድም ቀን አልጠፋም አልኳት። ሳቀች፣ እንደ ልማዴ የቀለድኩ መስሏት። እውነት ስናገርም አልታመንም ማለት ነው… ከዚያ ፊቴን አየች።
“ለምን፣ አባባ?”
“ባዶ ሲሆን ቶሎ ትሄጃለሽ።”
ወረቀቱን ነቀለችው፤ የበሩ ቀለም አብሮ ተላጠ።
“ብትደውልልኝ እኮ እመጣ ነበር።”
ስትወጣ፣ ለዳማ ጓደኛህ የምትነግራቸው ግን አንተ ራስህ ነህ አለችኝ።

ኅዳር 18
ለኮሚቴው ተናገርኩ። ለፊውዝ ቁልፉን መለሱለት። ከዚያ ቤቱ ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝና በሩን ዘጋ። ቀስ አድርጎ። ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 21
ልጅት ዛሬም መጣች፤ አሁን ሰበብ አትፈልግም። ጥናቷን አስነበበችኝ። አሥራ ሰባት ቤት ይላል። ከታች በትንንሽ ፊደል… “የሰባተኛው ቤት መዝገብ እምነት ስለማይጣልበት ከጥናቱ ወጥቷል።” ሁለቴ አነበብኩት።
ከሰዓት በር ተንኳኳ። ፊውዝ። ከወር በኋላ መምጣቱ ነው። ዳማውን ላውጣ ብዬ ተነሳሁ… ለወሩ ፍተሻ ነው አለ። አልተቀመጠም።
“መብራቱ ደህና ነው?”
“ደህና ነው” አልኩት።
“ራሴ ልየው” አለ። ከዚያ መሰላሉን ሊያመጣ ወጣ።
ልይዝለት ተከተልኩት።