ሻግቷል ተብሎ ስለ ተመለሰው የዶሮ መኖ ናሙና

ለክቡር የእንስሳት መኖ ቁጥጥር ኃላፊ፣
ሱቫ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ የላኬባ ደሴት ሰዎች ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት ዶሮዎቻችን ናቸው።

ጉዳዩ መንደሩ በሙሉ እንደ አያት ቆጥሮ ቡቡ እያለ የሚጠራቸው የጎረቤቴ የወይዘሮ አኬኔታ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በስድሳ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበር። ዛሬ የቀሩላቸው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ክትባቱ እናመሰግናለን። ባለሙያዎ መጥቶ በእያንዳንዷ ዶሮ ዓይን የፈንግል መከላከያ ጠብ አድርጎ፣ እግሯ ላይ ሰማያዊ ክር አስሮ ሄዷል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ፈንግል ሲገባ ክር ያላቸውም ከሌላቸው የጎረቤት ዶሮዎች እኩል ረገፉ። መሥሪያ ቤትዎ ጥፋቱ የአከታተቡ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ለቡቡ ጻፈ። እርሳቸውም ደብዳቤውን ካነበብኩላቸው በኋላ፣ «እኔ እኮ ዶሮዋን ይዤ ነው የቆምኩት፤ ጠብታውን የጨመረው የእነሱ ሰውዬ ነው» አሉኝ።

2ኛ. የሞቱትን ስንከፍት ጉበታቸው ቢጫ ሆኖ በጣት ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። በጋዜጣ ሥራዬ ዘመን የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው እንደነገሩኝ፣ ሻጋታ መኖ ውስጥ የሚተወው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በሽታ የሚከላከለውንም የሰውነት ክፍል ያኮሰምናል። ክትባት ጠላትን ቢያሳይም የሚዋጋው የዶሮዋ ሰውነት ነው። የቡቡ ዶሮዎች ሰውነት ደግሞ መርከብ ላይ ዝናብ የመታውን መኖ ሁለት ወር ሲበላ ቆይቷል።

3ኛ. በራሪ ወረቀትዎ የሻገተ መኖ ፀሐይ ላይ እንዲሰጣ መክሮን ነበር። እኛ ኮኮናት ስናደርቅ የኖርን ሰዎች ነንና ምክሩ ደስ አለን። እኔም ራሴ ሰሌን ዘርግቼ አብሬ አሰጣሁ። በሦስት ቀን ሻጋታው ረገፈ፣ ሽታው ጠፋ፣ ዶሮዎቹም አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ በሉት። ፀሐይ ሻጋታውን እንጂ መርዙን እንደማታጠፋ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ወረቀቱ ባይደርሰን ኖሮ ይህን ስህተት ያለ ፈቃድ እንሠራው ነበር።

4ኛ. ሻጋታ መኖሩ እንዲመረመር በላክነው ናሙና ላይ የሰጡንን መልስ ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ «ናሙናው ሻግቶ ስለ ደረሰን መመርመር አልተቻለም። ያልሻገተ ናሙና ይላክ።» በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት መላክ እንደነበረብን አሁን ገብቶናል። ያልሻገተ ግን ከየት እናምጣ?

ውጤት እስኪታወቅ የቀሩት ሁለት የመኖ ጆንያዎች ታሽገው እንዳይነኩ አዝዘዋል፤ ዶሮዎቹም የተመጣጠነ መኖ እንዳይጓደልባቸው በዚያው ገጽ አሳስበዋል። አዲስ መኖ የሚያመጣው ቀጣዩ መርከብ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ቡቡ የተፋቀ ኮኮናትና የተቀቀለ ካሳቫ ሲሰጧቸው ሰነበቱ። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል አቁመዋል፤ እርስ በርስም ላባ መነቃቀል ጀምረዋል። ቡቡ በየማለዳው «ዛሬስ ምን ልስጣቸው?» ይሉኛል። አርባ ዓመት ለሰው ጥያቄ መልስ ሳፈላልግ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ጥያቄው በአግባቡ ወደሚመለከተው አካል እንዲደርስ በማሰብ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ለቢሮዎ መልካም አየር፣ ለፋይሎችዎ ደረቅ መደርደሪያ እየተመኘሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ዋይሳኬ ናዋሉ
የቀድሞ ጋዜጠኛ፣ ላኬባ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳሽግ ቡቡን በአጥሩ በኩል አየኋቸው። ከታሸጉት ጆንያዎች አንዱን ፈትተው በእፍኛቸው እየዘገኑ ይበትኑላቸዋል። ዶሮዎቹም ተሻምተው ይበላሉ። ትእዛዝዎ ስለ መጣሱ የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ።