የሆዮ ባለ ቁልፍ ስልክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ሽርጥ ሁለት፣ ሻሽ አንድ ሸጥኩ። ከፊራ ገበያ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ከሰዓት መልእክት ገባ... በገጠሩ፣ በቢዮ አዋሌ በኩል አሮጌው ኔትወርክ ኅዳር አንድ ይዘጋል፣ የድሮ ቀፎ አይሠራም፣ ቀይሩ። ቀይሩ! እንደ ካልሲ!

ሆዮ፣ እናቴ፣ ዓይኗ አያይም። እዚያ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የምትደውለው አምስት ቁጥር ላይ ያለችውን ነጥብ እየዳሰሰች ነው። ስማርት ስልኩ ምኑ ይዳሰሳል? ልሙጥ መስታወት!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ወንድሜ ጉሌድ ደስ ብሎታል። "ሰበብ ተገኘ፣ እናታችንን ወደ ድሬ እናምጣት። ስልክ ከሌላት ብትወድቅ ማን ይሰማታል?" ስንት ዓመት ለምኗት እንቢ ብላዋለች... ቤቷስ? ፍየሎቿስ? "አቦ ተወኝ! ካልፈለገች ማንም አያመጣትም" አልኩት። ተኮራረፍን።
ግን... ብትወድቅስ? ይህን ለሱ አልነግረውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ከዚራ ሰፈር፣ ቴሌ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ትሕትናዋ! "ስማርት ይግዙላት፣ በድምፅ ይታዘዛል።"
"ሶማሊኛ ይገባዋል?"
"አይገባውም" አለች። ብድግ ብዬ ወጣሁ። ባዶ እጄን።

ሰኞ፣ ኅዳር 1
ተዘጋ። እኔ ደግሞ አያደርጉትም ብዬ ቁጭ ብያለሁ። ደነዝ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
አላስቻለኝም፣ ቢዮ አዋሌ ሄድኩ። ገና ስገባ፣ "ሞቼ መሰለሽ እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "ወንድምሽ በጎረቤት አስነግሮኛል። ዓርብ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ ብሎ። ፍየሎቼን ለማን ልስጥ?" አለቀሰች። ሆዮ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም።
ወላሂ አይወስዳትም!

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
ታይዋን ገበያ ስንት ሱቅ ዞርኩ። "የለም።" "የለም።" "ስማርት ውሰጂ።" በመጨረሻ ቀፎ ጠጋኙ ከሪም፣ "ፎርጂ የሚይዝ ባለ ቁልፍ አለ፣ ጠያቂ ስለሌለው ነው የማላወጣው" አለና ከሳጥን ሥር አወጣው። አለ! አንድ ወር ሙሉ ከሰው ስጨቃጨቅ አለ! ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት... ነጥብ የለውም። ከሪም ሙጫ ጠብ አድርጎ ሠራለት። ስልኩን ሳመው ሳመው አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ጉሌድን ቀድሜው ደረስኩ። ሆዮ ስልኩን አገላበጠች፣ ጣቷን አመላለሰች። "ልደውልልሽ?" ስላት እጄን መታችኝ። ራሷ ደወለች። ጉሌድ መንገድ ላይ ነው።
"ልጄ፣ እኔ ነኝ። ምሳ ልትበላ ከሆነ ና። እኔን ልትጭን ከሆነ ግን ከዚያው ተመለስ።" ዘጋችበት።
መጣ። አኩርፎ ምሳውን በላ፣ ብቻውን ተመለሰ።