ታኮው በቦታው ነበረ

ጥር 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለመጀመሪያ ልጄ፣

ጥፋተኛው አንተ ነህ። ይህን ከላይ ያስቀመጥኩት የቀረውን ረጋ ብለህ እንድታነበው ነው፤ «እማዬ መጨረሻ ላይ ምን ልትለኝ ነው» እያልክ ገጽ እንዳትዘል። የምለው ይኸው ነው፣ ብዬዋለሁ። ጤናህን አልጠይቅህም። እሑድ ስትደውል ድምፅህ ደህና ነበር፤ እንዲያውም እያላመጥክ ነበር የምታወራኝ።

በስልክ ማለት ስችል ለምን እንደምጽፍልህ ሳይገርምህ አይቀርም። ስልኩ ሲጮህ አባትህ ሬዲዮኑን ይቀንሳል። አይቀርብም፣ አይርቅም፤ ወንበሩ ላይ እንዳለ ጥፍሩን ያያል። ስዘጋው «ማን ነው?» ይለኛል፣ እንደማያውቅ ሰው። «ልጅህ ነው» እለዋለሁ። «ምን አለ?» ይላል። አንተም ያው ነህ። «አባዬ ምን አለ?» ትለኛለህ። ምንም አላለም ልጄ፣ ሬዲዮኑን ቀነሰ። ስድስት ዓመት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ስመላለስ እግሬ ደከመ።

አሁንም ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ስጽፍ ያየኛል። «የቤት ሥራ ነው?» አለኝ ቅድም። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከነጣ በኋላ ስለሆነ እስከ ዛሬ እንደ ተማሪ ያሾፍብኛል። «አዎ፣ የቤት ሥራ ነው» አልኩት። ውሸትም አይደለም።

«ለአባዬ መኪና የሚያነሳበት የተሻለ ክሪክ ልላክ፣ ምን ዓይነት ይሁን?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እመልስልሃለሁ። ፊተኛው ክሪክ ያደረገውን ግን በቅድሚያ በትክክል እወቅ፤ እስካሁን የሰማኸው ልክ አይደለም። ያልሆነውን ያወራሁልህ እኔ ብሆንም ውሸቱ የእኔ አልነበረም፤ እኔ አድራሽ ነበርኩ።

ያ ቀይ ክሪክ በሰው እጅ የደረሰን ዕለት አባትህ ካርቶኑን ራሱ ከፈተው። ዙሪያውን አየውና «ቀለሙ ጥሩ ነው» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ማታ ግን በጨርቅ ሲወለውለው አየሁት፤ ክሪክ የሚወለወል ዕቃ ይመስል። በማግስቱ ጥቁሩን፣ እንደ ድንጋይ የሚከብደውን የድሮውን ክሪክ ተሸክሞ ለባትሪው ሰጠው። ባትሪውን ረስተኸው ከሆነ፣ ከጎናችን ያለው የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ካልገፉት አይነሳም ብለው ነው ስሙን ያወጡለት።

«ጋሼ፣ ምነው ለእኔ? ታመምክ እንዴ?» አለው።

«ልጄ ልኮልኛል» አለ አባትህ።

ልብ በል። ጋራዡ ውስጥ ደንበኛ በሞላበት «የሰው መኪና ሥር ተኝቼ አላረጅም» ብለኸው ከወጣህ ጀምሮ በዚህ ግቢ ስምህ «ያ ልጅ» ነበር። «ልጄ» የተባልከው በዚያ ክሪክ ነው።

አባትህ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ። መኪናውን በክሪክ ያነሳል፣ ባለ አራት እግሩን የብረት ማቆሚያ ከሻንሲው ሥር ያስገባል፣ ክሪኩን ለቀቅ አድርጎ መኪናውን ማቆሚያው ላይ ያሳርፋል፣ በመዳፉ ገፋ ገፋ ያደርገዋል፤ ከዚያ ነው ሰው ሥሩ የሚገባው። «ክሪክ ያነሳል እንጂ አይዝም» ብሎ ያልጮኸበት ሰው የለም። አንተን ማቆሚያ ሳታደርግ ጭንቅላትህን አስገብተህ አግኝቶ በእግርህ ጎትቶ ያወጣህ ጊዜ ሸሚዝህን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቀዩ ክሪክ ከመጣ በኋላ ግን ማቆሚያዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ።

«እነዚያስ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሦስት ቶን ይላል እኮ። መኪናዋ ሁለትም አትሞላ።»

«የድሮውም ሦስት ቶን ይል ነበር። እሱን ግን አታምነውም ነበር።»

«የድሮው ከሱቅ የተገዛ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ባትሪው በር ላይ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ክሪኩ የልጅህ መሆኑን ያውቃል?» አለው። አባትህ ዘይት የነካውን ጨርቅ ወረወረበት። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ማቆሚያ ካደረገበት አንተን ያላመነህ መሰለው። በዓለም ላይ ስንት መካኒክ እንዳለ አላውቅም፣ እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ግን የእኔው ባል ብቻ ነው።

ክሪኩ ይወርድ ነበር። ቶሎ አይደለም፤ ጠዋት የተነሳ መኪና ምሳ ሰዓት ላይ ጎንበስ ብሎ ይገኛል። እኔ አይቼዋለሁ፣ እሱም አይቶታል። «ወለሉ ነው» አለ። ያን ሰሞን ደውለህ «ክሪኩ እንዴት ሆነ?» ብለኸኝ ነበር። አባትህ ወንበሩ ላይ ሆኖ በእጁ «ጥሩ ነው በይው» አለኝ። ጥሩ ነው አልኩህ። በጣም ደስ አለህ።

ከዚያ አንድ ቀን የእህል ነጋዴው ፒካፕ የፊት ጎማዎቹ ወልቀው፣ አባትህ ሥሩ ተኝቶ፣ እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣ ነበር። ድምፅ ትጠብቅ ይሆናል። ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። «አንቺ ሴትዮ» ሲል ሰማሁት፣ ውሃ እንደሚጠይቅ ሰው። «ምን ፈለግህ?» አልኩት ልብሱን ሳልለቅ። አልመለሰም። ሮጬ ስገባ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ፣ መኪናው ግራ ትከሻው ላይ ተቀምጧል። ከወለቁት ጎማዎች አንዱን ከልማድ ብዛት ከመኪናው በር ሥር አጋድሞት ስለነበር መኪናው እሱ ላይ አርፎ ቆመ። ያ ባይሆን ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍልህ፤ ጉዳዩም ስለ ክሪክ አይሆንም ነበር። ባትሪው ጥቁሩን ክሪክ ይዞ መጣና በእሱ አንስተው አወጡት። የአንገቱ ሥር አጥንትና የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረዋል። ይህን ታውቀዋለህ።

የማታውቀው ይኸውልህ። ሐኪም ቤት ማንም ሳይጠይቀው «ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ረስቼ ነው» አለ። ለሐኪሙ ነገረው፣ ለነርሷ ነገራት፣ ሊጠይቁት ለመጡት ሁሉ ነገራቸው። «ለእሱም እንዲህ በይው። ታኮ ረስቶ ጎማው ተንከባለለበት በይው።» አልኩህ። አንተም ተነፈስክና «አባዬ አርጅቷል ማለት ነው፣ ከእንግዲህ ይተወው» አልክ። ዘጋሁት። «ምን አለ?» አለኝ ከአልጋው ላይ። «አዝኗል» አልኩት።

ታኮው በቦታው ነበረ። ሁለቱም፣ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር፣ ራሱ በመዶሻ መትቶ ያስገባቸው። ሮጬ ስገባ እግሬን የመታኝ አንደኛው ነው፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር እስከ ዛሬ ጥቁር ነው። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ታኮ ረስቶ አያውቅም። ያረጀ፣ የዘነጋ መካኒክ መባልን የመረጠው አንተ የላክኸው ዕቃ ከፋ እንዳይባል ነው። አንተም አመንከው፤ ለማመን አንድ ደቂቃ አልፈጀብህም። ጥፋተኛ ያልኩህ ለዚህ ነው። የዕቃ ብልሽትማ ማንንም ያጋጥማል።

ክንዱ በአንገቱ ላይ ታስሮ ቤት እንደገባ ባትሪውን አስጠራው። «ፍታውና ጎሚኒውን ቀይርልኝ፣ የጎማ ነገር ብቻ ነው፣ ሌላው ደህና ነው» አለው። ዘይት ይዛ የምትቆመው ያቺ የጎማ ቀለበት ናት፤ ተበልታ ነበር። ከዚያ በኋላ ሊገባ ያሰበው እዚያው ቀይ ክሪክ ሥር ነው። ባትሪው እኔን አየኝ፣ እኔ ባትሪውን አየሁት። አባትህ ሲያንቀላፋ ክሪኩን ለውዳቂ ብረት ገዢው በጋሪው ላይ ጫንኩለት። ሲነቃ አጣው። አልጮኸም። እኔንም እንደ አንተ አኮረፈኝ፤ ሬዲዮኑን ብቻ ማስጮህ ጀመረ።

መኪና ሥር እንዳይገባ ማድረግ አልችልም። ሥራውን ተው ብለው ይተኛል፣ ከተኛ አይነሳም። ስለዚህ ከባትሪው ጋር የዕቃ መሸጫ ሄድኩ።

«እማማ፣ ለምን ዓይነት መኪና ነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«ከሥሩ ለሚገባ ሰው ነው።»

መጀመሪያ ያመጣው የአንተኑ ክሪክ ወንድም ነበር፤ ቀለሙ ብቻ ሰማያዊ። በአንድ እጄ አነሳሁት። ክሪክ በአሮጊት አንድ እጅ ከተነሳ ብረቱ ስስ ነው፣ አልኩት። ሁለተኛውን አመጣ። የሚነሱት መኪኖች ሁለት ቶን ስለሆኑ ሦስት የሚለውን ትቼ አራት የሚለውን አስወረድኩ፤ የተጻፈውን እስከ ጥጉ ድረስ ማስጨነቅ ደግ አይደለም። ከመጠኑ በላይ ሲጫንበት አልነሳም የሚል ቫልቭ አለው ወይ? አለው። እግሩ ሰፊ ነው ወይ፣ ጎማዎቹ ብረት ናቸው ወይ፣ ዝቅ ካለ መኪና ሥር ይገባል ወይ፣ ጎሚኒው ሲያልቅ መለወጫ ይገኛል ወይ? ሰውዬው «እማማ፣ ልጅዎን ሊድሩለት ነው እንዴ?» አለኝ። ባትሪው ወደ ውጭ ዞሮ ሳቀ።

«የራስህን መኪና አንሳልኝ» አልኩት።

«የቱን?»

«በር ላይ የቆመችውን። አንሳትና ትቀመጥ። እኔም እቀመጣለሁ።»

ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ባትሪው በጠመኔ የመኪናዋ በር ጠርዝ የደረሰበትን ግድግዳው ላይ አሰመረ። ሻይ አመጡልኝ። ደንበኛ ገባ፣ ወጣ፤ አንዱ መኪናዋ ተበላሽታ ነው ብሎ ሊረዳን ፈለገ። ሻዩን ጨርሼ፣ ብርጭቆው ደርቆ፣ መስመሩ ጋ ሄድን። ጣት የምታህል ወርዳለች። ባለሱቁ ሦስተኛውን አወጣ፣ ከባዱን። እሱ አልወረደም። ከእሱ ጋር አዲስ ማቆሚያዎች ገዛሁ፤ እግራቸው ሰፋ ያለ፣ ከፍ ዝቅ በሚልበት ጥርስ ላይ ተጨማሪ ፒን የሚገባባቸው፣ ጥርሱ ቢያመልጥ ፒኑ የሚይዝ። ግንበኛም አስመጥቼ ወደ ቦዩ ያዘነበለውን የጋራዡን ወለል አስተካከልኩ፤ ለስላሳና ዘመም ያለ ወለል ላይ ጥሩ ክሪክም ይሸሻል። የጠየቅከኝ መልሱ ይኼ ነው። አትላክ፣ ተገዝቷል።

አባትህ አዲሱን ዕቃ ሲያይ ቀኝ እጁን ዘርግቶ መያዣውን ጨበጠው።

«ይከብዳል» አለ። ከክሪኩ ጉዳይ ወዲህ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው።

«ይክበድ።»

«እሱ ነው የላከው?»

«እኔ ነኝ የገዛሁት።»

መያዣውን ለቀቀው። ፊቱን ማየት አልፈለግሁምና ካርቶኑን አጣጠፍኩ። ማቆሚያዎቹን ግን ያን ዕለት ራሱ ባትሪውን አዝዞ አስደረገ፣ በሱቅ ዕቃ አይታመንምና። ግራ ክንዱ ከጆሮው በላይ አይወጣም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሳደባል፣ ባትሪው ሥሩ ይገባል። ሰሞኑን ግን አንድ አንዴ በርጩማውን ወደ መኪናው ሲያስጠጋ አየዋለሁ። ሊገባ ነው። ይግባ።

ትናንት ማታ ሬዲዮኑን ራሱ ዘጋው። «ሲደውል እንዲህ በይው» አለኝና አንድ ነገር ነገረኝ። ስለ ክሪክ ነው የጀመረው፣ በክሪክ ግን አላበቃም። እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጨርሶ «ሰማሽኝ?» አለኝ። ሰማሁህ አልኩት።

አልጽፍልህም። እሑድ ስልኩ ይጮሃል፣ እኔ ግቢ ውስጥ ነኝ። እስኪያነሳው ድረስ አስጩኸው፤ ወንበሩና ስልኩ ይቀራረባሉ። እግዜር ባለህበት ይጠብቅህ፣ ከከባድ ነገር ሥር አያግኝህ፣ የብርዱ ሳልም አይጀምርህ። «ምን አለ?» ብትለኝም፣ እሱም ቢለኝ፣ ከእንግዲህ የአንዳችሁን ቃል ለሌላችሁ አላደርስም።

እናትህ