በአምስት ሊትር ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ

ሙአዝ፣

ጣሪያዋ ባለፈው ወር የተከደነላት የጅግጅጋ ያር ሰፈር ክፍላችን ነዋሪዎች በሙሉ፣ ማለትም አንተ፣ ይህን እወቁ፦ ለዛሬ ምሳ ካስቀመጥከው አምስት ሊትር የግመል ወተት አንዱ ሊትር ውሃ መሆኑ በታላቅ ክብር ይገለጻል።

ማታ የጠጣሁትን በውሃ ተክቼው ነው።

ጠዋት ግን ለምሳ የሚመጡት የሂዳያ አባት ትዝ አሉኝ። ሰውዬው ወተት ቀምሰው ግመሏ የበላችውን ቅጠል የሚናገሩ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩልህም ገና እሺ አላሉም። እርሳስ አነሳሁ። ከአስር እጁ ዘጠኙ ወተት ከሆነ አይነቁብንም ብዬ፣ የምጨምረውን ወተት «ሀ» አልኩት፦

4 + ሀ = 0.9 × (5 + ሀ)

ሀ አምስት ሆኖ ቁጭ አለ! አንድ ሊትር የጠጣ ሰው አምስት ሊትር ይጨምር ይላል ሒሳቡ። አምስት ሊትር ንጹህ ወተት ካገኘሁ ደግሞ የድሮው ምን ያደርግልኛል?

ገበያ ሄጄ ገዛሁ። አዲሱ ቢጫው ጀሪካን ውስጥ ነው፤ ለእሳቸው ከእሱ ቅዳ። የነጩን ጀሪካን ወላሂ እንዳትቀላቅልበት።

ላንተ፣ ለእሳቸውና ለአጎትህ ሦስት ሳህን አጥበህ ማስቀመጥህን አይቻለሁ።
ለእኔ አራተኛ የለም።


አላህ ያሳካልህ። ስመለስ ለምን ጠጣህ ብለህ አትልፋ፤ አላስረዳም።