የአባትሽ ጀልባ ቀለም

ልጄ ኤሊያና፣ እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ድንቹን አውጥተናል፤ ጣሪያው ግን ዘንድሮም ያፈሳል።

ጀርመን አገር ኤግዚቢሽን ላይ የተሰቀለውን ሥዕልሽን በጎረቤታችን በዶን ሮሳሜል ስልክ አየሁት። ሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሲያነብልኝ «የቺሎዌ ድሆች ረሃብ» ይላል፤ ደሴታችንን ማለታቸው ነው። «ኦቲሊያ፣ መቼ ነው የተራባችሁት?» ብሎ ሳቀብኝ። ሥዕሉ ሰውም ቤትም የለበትም፤ አረንጓዴውን ግን ገና ሳየው አወቅሁት። አባትሽ ጀልባውን ቀብቶ ሲተርፈው ግድግዳችንን የቀባበት ቀለም ነው። በዚያ ጀልባ ባወጣው ዓሣ ነው ያደግሽው። ወረቀቱን የጻፉትስ አያውቁም፤ አንቺ አጠገቡ ቆመሽ ፈገግ ብለሽ ፎቶ የተነሳሽው ምን ነክቶሽ ነው?

ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ። ኤግዚቢሽኑ ሳይዘጋ ያን ወረቀት አስነሺልኝ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀንም ጦምሽን አሳድሮሽ አያውቅም።

እናትሽ